ሰው ይጎድላል፤ እንጠብቅ

ጋሽ ኩማ፣ ልጅዎን አፈር ከማልበስዎ በፊት እንድናገር ስለፈቀዱልኝ እግዚአብሔር ያክብርዎ። መጋቢ በርናባስ፣ የቱላ ሽማግሌዎች፣ ከታቦር ሰፈር ድንኳን ተሸክማችሁ የመጣችሁ የእድራችን ሰዎች፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፤ እናንተም ከዓይነ ስውራን ማኅበር ትከሻ ለትከሻ ተያይዛችሁ ይህን ጭቃ ወጥታችሁ የመጣችሁ ወዳጆቿ፤ ሁላችሁም እዚህ ናችሁ። ዝናቡም አልመለሳችሁም። እሷ ብታያችሁ «ምነው ጥላ አልያዛችሁም?» ብላ ትቆጣችሁ ነበር።

ዋሲሁን እባላለሁ። ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ግማሻችሁ ግን የምታውቁኝ በሌላ ነው። ታቦር ላይ፣ እትዬ ካሰች ግቢ፣ ከሩሐማ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቅ የሚሰማው ሰውዬ እኔ ነኝ። «እነዚህ ልጆች ዛሬስ ይገዳደላሉ» ስትሉን የኖራችሁ ጎረቤቶች፣ እነሆ፣ ዛሬ ብቻዬን ነው የማወራው። የሚመልስልኝ የለም። ይህን አልለመድኩትም። ይህን መልመድ አልፈልግም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ደረት ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ክፍት ነው። መስመሩ ላይ ሰዎች አሉ። ከቦሊቪያ አሉ። ከፖላንድ አሉ። ከኔፓልና ከማዳጋስካር አሉ። አማርኛ አይሰሙም፤ ሲዳሙ አፎም አይሰሙም። ልቅሶ ግን ይሰማሉ። ጋሽ ኩማ «ክፈትላቸው፣ እነሱም ቤተሰብ ናቸው» ስላሉኝ ነው የከፈትኩት። ስለዚህ ማልቀስ የፈለገ ያልቅስ። የሚሰማው አለ።

ሩሐማ ማን ነበረች?

እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ስንቶቻችን ነን «ይቺ ልጅ ግን ሥራዋ ምንድን ነው?» ያልነው? ስንቶቻችን ነን «ተምራ ተምራ ቤት ተቀመጠች» ብለን ያማናት? አንገት መድፋት አያስፈልግም፤ ለወቀሳ አልቆምኩም። እሷም ሰምታለች። ሰምታ ትስቅ ነበር። «ዋሲሁን፣ ዛሬ ደግሞ ገበያ ላይ ሥራ ፈት ብለው ሾሙኝ» ትለኝ ነበር። እኔ ነኝ የምናደደው። እኔ ነኝ «ሄጄ ልንገራቸው» የምለው። እሷ «ተው፤ ሲገባቸው ይገባቸዋል» ትላለች።

ዛሬ ልንገራችሁ። ዛሬ ከልካይ የለኝም።

ጋሽ ኩማ እዚሁ ቱላ መምህር እንደነበሩ ታውቃላችሁ። ለመንደሩ ደብዳቤ ያነቡ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የፍርድ ቤት ወረቀት የመጣበት፣ ልጁ ከውጭ የጻፈለት፣ ሁሉም ወደሳቸው ነበር የሚሮጠው። ከዚያ የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ መጣና ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደው። ያን ጊዜ ለልጃቸው ያሏትን አልረሳም፤ እኔም ነበርኩ። «ዓይኔ መሄዱን ችዬዋለሁ። ሰው ፊት ወረቀት ዘርግቼ አንብብልኝ ማለቱን ነው ያልቻልኩት» ነበር ያሉት።

ሩሐማ ዝም ብላ ወጣች። ዝም ስትል ደግሞ እፈራታለሁ፤ አንድ ነገር ይዛለች ማለት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሩሐማን ጨምሩበት።

ያወጣችው ነገር «አንባቢ» ይባላል። ስልክ ላይ የሚጫን ነው። ስልኩ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ድምፅ አውጥቶ ያነባል። ሰዓቱን ይናገራል፣ መልእክቱን ያነባል፣ ማን እንደደወለ ይናገራል። ያኔ በእኛ ቋንቋ የሚያነብ በእጃችን አልነበረም። በርካሽ ስልክ ላይ የሚሠራ ደግሞ ጭራሽ አልነበረም። እሷ ሠራችው። የሚያነበውም በራሷ ድምፅ ነው። ቃል በቃል፣ በአማርኛም በሲዳሙ አፎም፣ እኔ እየቀዳኋት እሷ እያነበበች።

እትዬ ካሰች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዶሮውን ሳላነሳ አላልፍም።

የምንቀዳባት ክፍል የእትዬ ካሰች የዶሮ ቆጥ ጎን ናት። በሩን ዘግተን፣ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጠቅጥቀን እንቀዳለን። ሩሐማ «ነገ» የሚለውን ቃል ስታነብ አውራ ዶሮው ጮኸ። እኔ ልብ አላልኩም። እሷም ልብ አላለችም። ተቀድቶ ገባ፣ ለሰው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ አንባቢ «ነገ» ባለ ቁጥር ከሩቅ ዶሮ ይጮኻል። «ስብሰባው ነገ ነው፣ ኩኩሉ!» «ነገ ዝናብ ይጥላል፣ ኩኩሉ!» እኔ አፈርኩ፤ እናስተካክለው አልኩ። ከዓይነ ስውራን ማኅበር ሶልያና፣ እዚያ ጋ የቆመችው የሕግ ተማሪ፣ ምን ብላ ላከችልን? «ዶሮውን ከነካችሁት እከሳችኋለሁ» አለች። ጋሽ ኩማም አስጠነቀቁ። ዶሮው ቀረ። አሁን መስመር ላይ ያለው የኔፓሉ ልጅ ራሱ «ዶሮው ማን ይባላል?» ብሎ ጠይቆናል።

ዶሮው ለፋሲካ ታረደ። እኔና ሩሐማም በላነው። ድምፁ ግን እስከ ዛሬ በስንቱ ስልክ ውስጥ ይጮኻል። ያኔ በዚህ ስንስቅ ነበር። አሁን ምኑ እንዳሳቀን አላውቅም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሩሐማ አንባቢን ሠርታ አልደበቀችውም፤ አልቆለፈችውም። ከነአሠራሩ፣ ከነውስጡ፣ ዓለም ሁሉ በሚያየው ቦታ አስቀመጠችው። የፈለገ ይውሰደው፤ የፈለገ ይፈትሸው፤ ስህተት ያየ ያርመው፤ ለቋንቋው የፈለገ ለቋንቋው ያድርገው አለች። «አብደሻል?» አልኳት። እሷ «ደቦ ታውቃለህ?» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኩ። «ደቦ ነው። ልዩነቱ እርሻው የሁላችንም መሆኑ ነው» አለች።

ማን ይመጣል ብዬ ነበር። መጡ! መጀመሪያ ከቦሊቪያ ኤልቪራ የምትባል ሴት መጣች። አገሯ ተራራ ነው፤ እናቷ ማየት አይችሉም፤ የእናቷ ቋንቋ እንደኛው የተረሳ ነው። ከዚያ ከፖላንድ ቶማሽ መጣ። ቶማሽ ኮምፒውተር ሲያውቅ ጉድ ነው፤ ሰው አያያዝ ላይ ግን እኔን ይመስላል፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። ሌሎችም መጡ። አንዳቸውም አንዳቸውን በዓይን አይተው አያውቁም። ደሞዝ የለም፣ አለቃ የለም፣ ፊርማ የለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እሷ ለሁሉም ሎሚውን አካፈለች።

ግን ሰው ካለ ጠብ አለ። ሰው ከሰው ጋር በጽሑፍ ብቻ ሲነጋገር ደግሞ ጠቡ ይብሳል፤ ፊቱን አታየውም። እንዲህ ዓይነት ማኅበር ስንቱ ተጀምሮ ስንቱ ፈርሷል! ማሽን አይደለም የሚያፈርሰው። ኩርፊያ ነው የሚያፈርሰው።

ሩሐማ ምን አደረገች? ወደ አባቷ ሄደች። «አባ፣ ሽማግሌዎች ሰውን እንዴት ነው አብረው የሚያቆዩት?» አለቻቸው። ጋሽ ኩማ የመለሱላትን እኔ ፊት ነው የመለሱላት፤ «ሽማግሌ የሚያስታርቀው ብዙ ስለሚያውቅ አይደለም። ስለሚጠብቅ ነው» አሏት።

ከዚያ በኋላ ዓለምን ሁሉ ሶንጎ ተቀመጥ አለችው። ሶንጎን ለማታውቁ፣ የሲዳማ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሸንጎ ነው። ድምፅ ቆጥሮ ማሸነፍ የለም። ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ይሰማል፣ እስኪስማሙ ይቀመጣሉ። ነገሩ ሲከፈት «አፊኒ?» ይባላል። ሰምታችኋል ወይ? እንደማለት ነው። ሩሐማ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ ስትከፍት «አፊኒ?» ትላለች። ፖላንዳዊው በፖላንድኛ «ሰምቻለሁ» ይላል። ኔፓላዊው በኔፓልኛ። እያንዳንዱ በእናቱ ቋንቋ። እኔ እንኳ ያን ስሰማ ፀጉሬ ይቆም ነበር።

የኤልቪራ ኔትወርክ ደግሞ አስቸጋሪ ነው። ከኛም ይብሳል፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ! በመሃል ይቋረጣል። ሰው ሁሉ ይቁነጠነጣል። ቶማሽ «እንቀጥል፣ ኋላ ትሰማለች» ይላል። እኔም «እውነቱን ነው» እላለሁ። ሩሐማ እጇን ከመጻፊያው ላይ ታነሳና እንዲህ ትላለች፤

«ሰው ይጎድላል፤ እንጠብቅ።»

እንጠብቃለን። ቶማሽ ያጉረመርማል። እኔ አጉረመርማለሁ። እሷ ሙዝ ትልጣለች። ኤልቪራ ተንገዳግዳ ትመለሳለች፤ ትናገራለች። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ያላሰብነውን ነገር የምታመጣው እሷ ትሆናለች። ከዚያ ያ ቃል የሁሉም ሆነ። አማርኛ የማያውቁት ሰዎች በአማርኛ ተማሩት። ከማዳጋስካር አንዱ መስመር ሲቋረጥበት ሁሉም ባንድ አፍ «ሰው ይጎድላል!» ይላሉ። በምን ዓይነት አነጋገር እንደሚሉት ብትሰሙ በሳቅ ትሞቱ ነበር።

ስንት ጊዜ ሰው ይጎድላል አለች! ስንት ጊዜ ለሰው ጠበቀች! ታዲያ እሷን ማን ጠበቃት? ሞት ትንሽ አይጠብቅም? ምን ያስቸኩለዋል? መጋቢ፣ ይቅር ይበሉኝ። አምላክን አልወቅስም። ሞትን ግን እወቅሰዋለሁ። ሞት የሶንጎ ሥርዓት አያውቅም።

የደም ካንሰር ነው አሉ። በዚህ ዓመት መጀመሪያ ነው የተነገራት። መጥፎ ነገር ብቻውን አይመጣም፤ በዚያው ሰሞን ደቦውም ታመመ። ቶማሽ ሁሉም በሚያየው ቦታ የኤልቪራን ሥራ «ቆሻሻ ነው፣ ተጥሎ ከአዲስ ይሠራ» ብሎ ጻፈ። ያ ሥራ ምን ነበር መሰላችሁ? ኤልቪራ የቀዳችው የእናቷ ድምፅ ነበር። ኤልቪራ አንድ ቃል ሳትመልስ ወጣች። ብዙ ሰው ተከትሏት ወጣ። ሥራው ቆመ።

እኔ ሆስፒታል ሄጄ «ቶማሽ ይባረር» አልኳት። ፀጉሯ አልቆ፣ ሻሽ አስራ፣ አየችኝና «ዋሲሁን፣ አንተን ያላባረርኩ ሰው ቶማሽን ላባርር?» አለችኝ። ነርሷም ሳቀችብኝ። ከዚያ ሩሐማ ሳቋን አቆመችና «ሰው እያባረርኩ ማን ሊቀረኝ ነው?» አለች። ለቶማሽ አንዲት መስመር ላከችለት። «ሥራውን ተች፤ እናቷን ግን ይቅርታ ጠይቅ» የምትል። ቶማሽ አልመለሰም።

ወራት አለፉ። ያለፈው ቅዳሜ መጣ።

አሁን የምነግራችሁን በደንብ ስሙኝ። ለዚህ ነው የቆምኩት።

ቅዳሜ ጋሽ ኩማ አልጋዋ ጎን ተቀምጠዋል። እጇን ይዘዋል። እኔ እግርጌ ነኝ። ነርሷ ስትገባ ጋሽ ኩማ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ነው?» አሏት። ነርሷ ነገረቻቸው። ሩሐማ ግን ዓይኗን ገለጠች። ያን ሰሞን ዓይኗን ለመግለጥ ምን ያህል እንደምትቸገር አይታችኋል፤ የጠየቃችኋት ታውቃላችሁ። ገለጠችና «አባ፣ ለምን ሰው ትጠይቃለህ? ስልክህስ?» አለቻቸው።

ጋሽ ኩማ ብርድ ልብሷን አስተካከሉ።

«አባ፣ ስልክህስ?»

«አይናገርም» አሏት። «ከሰሞኑ ጀምሮ አይናገርም። አንቺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው።»

ስልኮች ራሳቸውን አደሱ። አፕዴት የምንለው ነው። ስልክ ሲታደስ አንባቢም አብሮ ካልታደሰ ይዘጋል። በፊት ሩሐማ ቀድማ ታስተካክለዋለች፤ እኛም ሳናውቅ ያልፋል። አሁን የሚያስተካክል አልነበረም፤ ደቦው ተበትኗል። እኔም ሐሳቤ ሁሉ አልጋው ላይ ነበር። እኒህ አባት በልጃቸው አልጋ ጎን፣ ጨለማ ውስጥ፣ ልጃቸውም ድምፅዋም ባንድ ጊዜ ሲሄዱባቸው ዝም ብለው ተቀምጠዋል። ሰው ላለማስቸገር። እኚህ አባት እንዲህ ናቸው። እሷም ከሳቸው ነው የወጣችው።

«ዋሲሁን፣ ክፈትልኝ» አለችኝ። ስብሰባውን ማለቷ ነው። ከፈትኩ። ስልኩን አፏ ላይ ያዝኩላት። ሰዎች ገቡ። ቶማሽም ገባ።

«አፊኒ?» አለች። ድምፅዋ እንደ ወረቀት ሳስቶ ነበር።

አንድ በአንድ መለሱ። ያለቀሰም ነበር። ዝም ሲሉ እሷ አዳመጠች። አዳመጠችና፣

«ሰው ይጎድላል፤ እንጠብቅ» አለች።

ኤልቪራን ማለቷ ነው። ኤልቪራ ከወጣች ስንት ጊዜዋ! ማን ይጠራታል? ነርሷ መጥታ ግሉኮስ ቀየረች፤ «ደክሟታል፣ ይበቃል» አለችኝ። ሩሐማ በጣቷ «ቆይ» አለቻት። ጠበቅን። ፈረንጅ ሲያለቅስ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቶማሽ ሲተነፍስ ይሰማናል። ከዚያ መስመሩን ትቶ ወጣ። እኔ «ሄደ፣ ድሮም አውቀዋለሁ» አልኩ በልቤ። ለካ ሊደውልላት ነው የወጣው። ኤልቪራን ይዟት መጣ። የሆነ አውቶቡስ ውስጥ ናት፣ ጡሩምባ ይሰማል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ቶማሽ ሁላችን ፊት፣ «የእናትሽን ድምፅ ቆሻሻ ብያለሁ። ሳላውቅ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ድምፁ የማን እንደሆነ አውቄ ነው የጻፍኩት። ይቅር በይኝ» አላት። ኤልቪራ በእናቷ ቋንቋ «ሰምቻለሁ» አለች።

ሩሐማ ለዓለም ሁሉ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ምን ነበር? ትልቅ ንግግር አልነበረም። «አባቴ ሰዓት አያውቅም» አለቻቸው። ይኼው ነው። ሌላ አልጨመረችም። የአባቷን እጅ ደረቷ ላይ አድርጋ ተኛች።

እነሱ ሥራ ጀመሩ። ግማሹን የምታውቀው ኤልቪራ ናት፣ ግማሹን ቶማሽ። አንዱ ያላንዱ አይሆንም ነበር።

እሁድ ጠዋት፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ከውጭ እየተሰማ፣ ሩሐማ አረፈች። ጋሽ ኩማ ነበሩ። እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሌላ የምለው የለኝም። አልችልም።

የቀረውን እናንተም አይታችኋል፤ ድንኳኑ ውስጥ ነበራችሁ። ቀትር ላይ ነው። ወንበር እየተደረደረ ነው፤ እናቶች እያለቀሱ ነው። ጋሽ ኩማ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ኪሳቸው ውስጥ፣ ማንም ሳይነካው፣ ስልኩ ተናገረ።

በሩሐማ ድምፅ ተናገረ።

«ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ነው» አለ። ወንበር የሚደረድሩት ባሉበት ቆሙ። ከዚያ ያልተነበበ መልእክት ማንበብ ጀመረ። ምን መልእክት? የጥቅል ማስታወቂያ! «ውድ ደንበኛችን፣ እስከ ነገ» ሲል፣ ያ ዶሮ ጮኸ። እትዬ ካሰች፣ እርስዎ ያን ጊዜ የጮኹት ጩኸት ከጆሮዬ አይወጣም። ሬሳዋ ቤት ውስጥ ነው፤ ድምፅዋ የጥቅል ማስታወቂያ ያነባል። እንዲህ ያለ ነገር ማን አይቷል? ጋሽ ኩማ ስልኩን አውጥተው ጉንጫቸው ላይ ለጠፉት። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ሰሙት። አንድ ቃል አላለፉም።

ከዚያ «ዋሲሁን» አሉኝ። «አቤት» አልኩ። «እነዚያ ሰዎች ሰምተዋል?»

አልሰሙም ነበር። ማንም አልነገራቸውም። ሠርተው ጨርሰው፣ ማስተካከያውን በኔትወርክ ወደ ስልኮቹ ልከው፣ ደስ ብሏቸው፣ «ንገርልን፣ ተናግሯል በላት» ብለው ልከውልኛል። «ንገርልን» ይላሉ! ለማን ልንገር?

ከድንኳኑ ጀርባ ሄጄ ስብሰባውን ከፈትኩ። ሁሉም ገቡ። ተኝቶ የነበረው ሁሉ ተነስቶ ገባ። ይሳሳቃሉ። ቶማሽና ኤልቪራ ይቀላለዳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ነኝ «አፊኒ?» ያልኩት። መለሱ። ሁሉም መለሱ። የሷ ተራ ደረሰ። እና ቶማሽ፣ ያ ትዕግሥት የሌለው ቶማሽ፣ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት፣ በተሰባበረ አማርኛው፣

«ሰው ይጎድላል፤ እንጠብቅ» አለ።

እናንተ ሰዎች፣ እኔ ምን ልበለው? ምን ልበለው?

«አትጠብቋት» አልኳቸው። «አትጠብቋት፤ አትመጣም።»

ኤልቪራ ስትጮህ ሰማሁ። የሰው ልቅሶ በየትኛውም አገር አንድ ነው፤ እሁድ ዕለት ነው ያወቅሁት።

ዛሬ ጠዋት አንዳንዶቻችሁ ለጋሽ ኩማ «እዚህ መቃብሩ ላይ ድምፅዋን በስልክ እናሰማ» ብላችኋቸዋል። በቅንነት ነው። እሳቸው ግን እምቢ አሉ። «ልጄን እየቀበርኩ እንዳለች አላስመስልም። ሞታለች። ዛሬ ዝም ትበል። ነገ ወንጌሌን ታነብልኛለች» አሉ። ጋሽ ኩማ፣ እሺ፣ እንዳሉት ይሁን።

ይህ «ነገ» ግን እንዲሁ አይመጣም። ስልክ እንደገና ይታደሳል። በሚቀጥለው ዓመት ይታደሳል፤ ከዚያም በኋላ። ባልነካነው ጊዜ ድምፅዋ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ሁለተኛ ሞተች ማለት ነው። እሷን እዚህ ማስቀረት አልቻልንም። ያንን ግን እንችላለን። የማስተምራችሁ ተማሪዎቼ እዚያ ኋላ ቆማችሁ አያችኋለሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ክፍት አድርጋ ነው የሄደችው። ግቡ። መስመር ላይ ላላችሁትም ኋላ በቋንቋችሁ እነግራችኋለሁ። ቁጡ ነኝ፣ ታውቃላችሁ። የሷን ትዕግሥት ከየት እንደማመጣው አላውቅም። ግን ጋሽ ኩማ ሰዓት ለሰው አይጠይቁም። እኔ እያለሁ አይጠይቁም።

ሩሐማ።

እስቲ አሁን ላንቺ ልናገር። ዘጠኝ ጊዜ ስጠራሽ አንዴ ትመልሺ ነበር፤ ሥራ ስትይዢ። ዛሬም ሥራ የያዝሽ ነው የሚመስለኝ።

ዶሮው ይጮኻል። አንነካውም። ኤልቪራና ቶማሽ ታርቀዋል፤ ትናንትና ደግሞ ተጨቃጭቀዋል፣ ደህና ናቸው። አባትሽ ቁርስ አልበሉም፤ እትዬ ካሰች ይዘዋቸዋል። ያቺን የምንቀዳባትን ክፍል አልለቅም። የልብስሽ ሽታ እስኪጠፋ መስኮቱን አልከፍትም። ለሰው እንዲህ አይባልም፣ አውቃለሁ፤ ብያለሁ እንግዲህ።

ሰው ሁሉ መጥቷል። ሁሉም መስመር ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ልጠይቅሽ።

አፊኒ፣ ሩሐማ?

…

ሰው ይጎድላል።

እኔ ሁልጊዜ «እንቀጥል» ባይ ነበርኩ። ዛሬ እኔ ነኝ ቀጥሉ ማለት ያቃተኝ። መስመር የተቋረጠበትን ሰው ጠብቁ ብለሽ አስተምረሽናል፤ ይህ ግን ስንጠብቀው የሚመለስ መስመር አይደለም። ስለዚህ እህቴ፣ ተራው ያንቺ ነው። እዚያ ደርሰሻል። እኛ ኔትወርካችን ደካማ ነው፤ እየተቆራረጥን፣ እያጉረመረምን፣ አንድ በአንድ እንመጣለን። አባትሽ ይመጣሉ። እኔ እመጣለሁ። ሁላችንም ገብተን እስክናበቃ ምንም ነገር እንዳትጀምሪ።

ደህና ሁኚ፣ ሩሐማ። ሰው ይጎድላል፤ ጠብቂን።